የማጌይ ቀለም

«ጥብጣቡ ላይ ያለውን አንብቢልኝ፤ መነጽሬን የት እንዳደረግሁት እንጃ» አሉ ዶኛ ሆቪታ።

ኤልቪራ አነበበችው፤ መጀመሪያ ለራሷ ብቻ። የአበባው ጉንጉን ከመስፋቱ የተነሳ በበሩ አልገባ ብሎ ሁለት ሰዎች በጎን አዙረው እየታገሉት ነው። በመሀሉ በተጋደመው ጥብጣብ ላይ በወርቃማ ፊደል «ለተወዳጁ አባላችን ለዶን ፊዴንሲዮ ኦልቬራ፤ ከሴንቴያ መኪና ባለቤቶች ክለብ» ተብሎ ተጽፏል።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ውሸት ይላል፣ እማዬ።»

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ለቀስተኞች ስኒያቸውን ከአፋቸው አራቁ። አፓን ትንሽ ከተማ ናት፤ የዶን ፊዴንሲዮንና የክለቡን ነገር የማያውቅ የለም። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ቆመው ልባቸው ቀጥ ካለች፣ ከተቀበሩም ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሣጥናቸው አርፎበት በነበረው ወለል ላይ በነጭ ኖራ የተሠራ መስቀል ተጋድሟል፤ በአራቱ ጫፍ ሻማ፣ በግርጌው አንድ ብርጭቆ ውሃ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማንም አይረግጠውም። በዘጠነኛው ቀን ቤተሰቡ የመረጣቸው ሰዎች ኖራውን በእጃቸው አፍሰው ወደ መቃብር ይወስዱታል፤ ያኔ ነው ሟች ከቤቱ ወጣ የሚባለው። ጉንጉኑን ያስገቡት ሰዎች ግን መስቀሉን ሊረግጡት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ጸሎት የሚያስደርሱት ዶኛ ፒላር «እግራችሁን!» ብለው ባይጮሁ ኖሮ።

ከአበባው ኋላ ኢንጂነር ሌዮፖልዶ ሪባዴኔይራ ገባ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ነው። ደረቱ ላይ መብረቅ የተጠለፈበት ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ ለዚያውም ለቅሶ ቤት!

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ዶኛ ሆቪታ። ክለባችን አንድ ምሰሶውን አጣ።»

«የቱን ምሰሶ?» አለች ኤልቪራ።

«ኤልቪራ!» አሉ እናቷ።

«ልጠይቅ እንጂ። አባዬ ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስት ጊዜ መለሳችሁት። መቼ ነው ምሰሶ የሆነው? ከሞተ በኋላ ነው የተከላችሁት?»

ኢንጂነሩ ፈገግታውን አላጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ፈገግታውን ከቤቱ ሲወጣ እንደ ኮፍያ አጥልቆት ነው የሚወጣው፤ ሰው ፊት አያወልቀውም።

«ለዚሁ እኮ ነው የመጣሁት። ያለፈውን ለማስተካከል።»

«ለእንግዳው ቡና ስጪ» አሉ ዶኛ ሆቪታ፤ ነገሩ በዚህ አበቃ ለማለት።

ኤልቪራ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ቡናው በትልቅ የሸክላ ድስት ከቀረፋ ጋር ፈልቷል። ከላይ ያለውን ጥሩውን ትታ ጭልፋዋን እስከ ታች ሰደደችና አተላውን ቀዳችለት። ይህ ኃጢአት ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት።

ዶን ፊዴንሲዮ በወጣትነታቸው የሠሩት ሴንቴያ ይገጣጠምበት በነበረው ፋብሪካ፣ ቀለም ክፍል ውስጥ ነው። ሴንቴያ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አካሏ ከፋይበር የተሠራ ፈጣን መኪና ናት፤ የሜክሲኮ ሲቲ ሀብታሞች ልጆች እሁድ እሁድ ጠመዝማዛ መንገድ ሊፈነጩባት ይገዟት ነበር። የሚቀቧት ሰዎች በአውቶቡስ ነበር የሚመላለሱት። ፋብሪካው ሲዘጋ ዶን ፊዴንሲዮ የሰው በርና መስኮት፣ የሰው ፒክአፕ፣ አንድ ጊዜም የቤተ ክርስቲያኑን የቅዱስ ዮሴፍ ሐውልት እየቀቡ ልጃቸውን አሳደጉ። ስለ ሴንቴያ ግን ማውራት አቁመው አያውቁም።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከኤልቪራ ጋር ወደ ካልፑላልፓን ዶሮ ሊገዙ ሄዱ። ባለ ዶሮው «ምረጡ» ብሎ የቆርቆሮውን በር ከፈተ። ዶሮዎቹ የሰፈሩት መኪና ውስጥ ነበር። መቀመጫው ላይ እንቁላል፣ መሪው ላይ አውራ ዶሮ። መኪናዋ በኩስና በአቧራ ከመለሰኗ የተነሳ ቀለሟ አይታወቅም። ዶን ፊዴንሲዮ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አራሱና የፊት ፓራፋንጎውን ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከሥሩ ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ብቅ አለ፤ በአፓን ሜዳ ሁሉ የሚበቅለው፣ ማጌይ የሚሉት ትልቁ የቃጫ ተክል ቅጠል ቀለም።

«የኔ እጅ ነው» አሉ።

ይህንን ታሪክ ከዚያ በኋላ ቤታቸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይደግሙት ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጾሙ ወራት፣ ሰማያዊው ቀለም ከአቅራቢው ሳይመጣ አሥራ አንድ ቀን ቀረ። አለቃቸው «ሥራው አይቆምም፤ ያለውን ደባልቁና ቀቡ» አለ። የደባለቀው ፊዴንሲዮ ነበር፤ በሃያ አራት ዓመቱ፣ በየቀኑ በአውቶቡስ መስኮት የሚያየውን ማጌይ እያሰበ። አሥራ አራት መኪና በዚያ ቀለም ወጣ። ከዚያ ሰማያዊው መጣና ነገሩ ተረሳ።

ያን ዕለት ዶሮ አልተገዛም። ፒክአፓቸው ሴንቴያዋን ጎትቶ አፓን ካደረሰ በኋላ በምትኳ ለባለ ዶሮው ተሰጠ። ዶኛ ሆቪታ ፒክአፑ ሄዶ በቦታው ያን ጉድ ሲያዩ ሁለት ሳምንት ባላቸውን አላናገሩም። ሲያናግሩም ያሉት ይኸን ነው፦ «ሞቼ እንኳ እዚያ ዶሮ ቤት ውስጥ አልቀመጥም!» ቃላቸውን ጠበቁ። አባትና ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያድሷት፣ የሶፋ ልባስ ሰፊ የሆነችው ኤልቪራ መቀመጫዎቹን በቆዳ ስትሰፋ፣ ሞተሩ ተነስቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ ዶኛ ሆቪታ ገበያ የሚሄዱት በሚኒባስ ነበር።

ኢንጂነሩ የቀረበለትን ቡና አንድ ጊዜ ፉት አለና ስኒውን ቀስ አድርጎ ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

«ፎቶ ተገኝቷል» አለ። «የድሮው አለቃ ቤተሰቦች ያስቀመጡት አልበም ውስጥ። በፋብሪካው በር ላይ አሥራ አራት ሴንቴያ ተሰልፈው፣ ሁሉም በዚያ ቀለም! ዶን ፊዴንሲዮ እውነታቸውን ነበር። እስከ ዛሬ የተረፈችው ደግሞ የእሳቸው ብቻ ናት። በመላው ሜክሲኮ አንዲት!»

«እሱማ ነግሯችሁ ነበር» አለች ኤልቪራ።

«ማስረጃ አልነበረም እኮ፣ ሴኞራ።»

ከኪሱ ትንሽ ሣጥን አወጣ። ውስጡ መኪና ፊት ላይ የሚለጠፈው የክለቡ የብረት ዓርማ አለ፤ ቢጫው መብረቅ ያበራል። ክለቡ በኅዳር በዓሉን ሲያከብር የማጌይ ቀለሟ መኪና ሰልፉን እንድትመራ፣ ከዚያም ፓቹካ ባለው የክለቡ አዳራሽ እንድትቀመጥ ይፈልጋሉ፤ የዶን ፊዴንሲዮ ስም በነሐስ ሰሌዳ ይጻፍላታል። ደግሞም፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ በዘጠነኛው ቀን የመስቀሉን ራስ እሱ ራሱ በክለቡ ስም ቢያነሳ ክብር ነው።

የመስቀሉ ራስ! የሚያነሳው ለሟች ከሁሉ የቀረበ ሰው ነው። ኤልቪራ እናቷ «ይውጡልኝ» እስኪሉት ጠበቀች። ዶኛ ሆቪታ ግን ዓርማውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጎንበስ ብለው ከመስቀሉ ግርጌ፣ ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጡት።

«እሺ» አሉ። «ሲመኘው ነው የሞተው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልቪራ መቁጠሪያውን የምትጸልየው ጥርሷን ነክሳ ነበር። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የምታየው የፓቹካን አደባባይ ነው። ክለቡ በዓመት አንድ ጊዜ እዚያ መኪና ይመረምራል። መርማሪው ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ የፋብሪካውን የቀለም ዝርዝር መጽሐፍ ይዞ ይዞራል።

«ይኼ ቀለም መጽሐፉ ላይ የለም።»

«አውቃለሁ። የደባለቅሁት እኔ ነኝ» አሉ ዶን ፊዴንሲዮ።

«ማስረጃ አለህ?»

«እየነገርኩህ።»

«ሰማያዊ አስቀባና ለከርሞ ና።»

ለከርሞም ማጌይ ቀለሟን ይዘው ሄዱ፤ ያው መልስ። በሦስተኛው ዓመት የአባላቱ መኪኖች ከተከለሉበት ገመድ ውጭ፣ ታኮ የሚባለውን ምግብ ከሚሸጡት ጎን እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው። ዶን ፊዴንሲዮ የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አበጥረው ከመኪናቸው አጠገብ ቆሙ። አንድ ሰው ከቀይ ሴንቴያ ወርዶ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ ጣል አደረገላቸው።

«ሽማግሌው፣ ጥላ ፈልገህ አቁምልኝ። እንዳትጫር!»

ይኸው ኢንጂነር ሌዮፖልዶ ነበር። ኤልቪራ አፏን ሳትከፍት አባቷ ቀዩዋ መኪና ውስጥ ገቡ። በሁለት መኪኖች መሀል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ሳይመለሱ አቆሟት። ቁልፉን መልሰው መጡና «ሁለተኛ ማርሿ ያንቃታል። ሰውዬው አይሰማም መሰለኝ» አሏት። ቤት ሲደርሱ ኤልቪራ ደሟ ፈልቶ ለእናቷ ስትነግራቸው «አታጋንኚ፤ የተማረ ሰው እንደዚያ አያደርግም» ነበር መልሳቸው። እስከ ዛሬም አላመኗትም።

በስድስተኛው ቀን፣ ቤቱ ሰው ሲበዛበት፣ ጋራዡ ውስጥ ገብታ የአባቷን የዕቃ ሣጥን ከፈተች። የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ ሽታቸውን ብቻ ነው። ከመፍቻዎቹ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ቢጫ ያረጀ ወረቀት አገኘች። የፋብሪካው ማኅተም አለበት። አረንጓዴ ይህን ያህል፣ ነጭ ይህን ያህል፣ ጥቁር ይህን ያህል፤ «ደባላቂ፦ ፊዴንሲዮ ኦልቬራ»፤ ቀንና የአለቃው ፊርማ።

ዶን ማካሪዮ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋት ነበር። ቀለም ክፍል ውስጥ ከአባቷ ጎን የሠሩ፣ ኋላም ክርስትና አንስተዋት የአባቷ አበልጅ የሆኑ ሰው ናቸው።

«አገኘሻት» አሉ።

«ይኼ ነበረው? ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ለማኝ ሲመልሱት ይኼ ቤቱ ነበረ?»

«መቶ ጊዜ ለምኜዋለሁ። ‹አሳያቸውና አፋቸውን ዝጋ› አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ማካሪዮ፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ እየነገርኳቸው ወረቀት ካላየን ካሉ፣ አባል የሚያደርጉት ወረቀቱን ነው፤ እኔን አይደለም።›»

ኤልቪራ ወረቀቱን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እናቷ ታማል የሚሉትን የበቆሎ ሊጥ የሚጠቀልሉበትን የበቆሎ ልባስ እያለቀለቁ ነበር። አነበበችላቸው፤ ዶን ማካሪዮ ያሉትንም ነገረቻቸው።

«ግትር!» አሉ ዶኛ ሆቪታ፤ ልባሱን ውሃው ውስጥ ወርውረው። «ይቺን ቢያሳያቸው ዓርማውን በሕይወት እያለ ያገኘው ነበር! አሁን እኔ ላገኝለት ስል ደግሞ አንቺ ታኮርፊያለሽ!»

«ዓርማውን አይደለም እኮ የፈለገው፣ እማዬ። እንዲያምኑት ነው የፈለገው። አሁንም ያመኑት ፎቶውን ነው። መኪናዋን ከወሰዱ ደግሞ እሱ የተከለከለበት ገመድ ውስጥ እሷን ብቻ አቆሟት ማለት ነው።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ከፓቹካ በተመለሰ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛው እኔ አጠገብ ነበር፤ አንቺ አጠገብ አይደለም።»

ኤልቪራ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ መንገዱ በሞተር ጩኸት ተናወጠ። ሰባት ሴንቴያ ተከታትለው መጡ፤ ለቅሶ ቤት ሳይሆን ሠርግ ቤት የሚገቡ ይመስል። የአፓን መንገድ ጠባብና አፈር ነው። አቧራው ቤቱንም፣ ክፍት የነበረውን ጋራዥም፣ በር ላይ የቆመውንም ሰው አለበሰው። ቀዩዋ መኪና የጋራዡን በር ዘግታ ቆመች።

ኢንጂነሩ ወረደ። የጋራዡ በር ላይ ዶን ማካሪዮ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። ኢንጂነሩ ፊታቸውን እንኳ ሳያይ ቁልፉን ዘረጋላቸው።

«አባባ፣ ጥላ ፈልገህ አቁምልኝ። እንዳትጫር!»

ዶን ማካሪዮ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ሰውዬው ይቀበሉኛል ብሎ ቁልፉን ለቀቀው፤ አፈሩ ላይ ወደቀ።

ዶኛ ሆቪታ ሊቀበሉት ደጁ ላይ ወጥተው ነበር። መነጽራቸውን አድርገዋል። ቁልፉን አዩ፣ ዶን ማካሪዮን አዩ፤ ከዚያ ዞረው ልጃቸውን አዩዋት። ኤልቪራ እናቷ እንደዚያ ሲያዩዋት የመጀመሪያዋ ነበር።

«ኢንጂነር» አሉ፤ «እሳቸው የባሌ አበልጅ ናቸው።»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ! እኔ እኮ… መኪና ጠባቂ መስለውኝ ነው።»

«ባሌም የመሰለዎት እንደዚያ ነበር?»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይመለከት ጀመር። ትዝ አላለውም። በዚያ ቀን ፓቹካ አደባባይ ላይ ያደረገው ነገር ጭራሽ ትዝ አላለውም! ኤልቪራን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸ ነው፤ አባቷ እስኪሞቱ የተሸከሙት ነገር ለዚህ ሰው የአንድ ደቂቃ ጉዳይ እንኳ አልነበረም።

ዶኛ ሆቪታ ወደ ውስጥ ገቡ። ከመስቀሉ ግርጌ ዓርማውን አነሱና ኖራውን በመጎናጸፊያቸው ጫፍ ጠርገው ይዘውት ወጡ።

«ይኸውልዎት።»

«ዶኛ ሆቪታ፣ አይቸኩሉ እንጂ። ሰሌዳው ታዝዟል፣ ስማቸው በነሐስ…»

«ስሙን እኛ እናውቀዋለን። ቁልፍዎን ያንሱ። መኪናዎ በሬን ዘግታብኛለች፤ ባሌን ወደ መቃብር የምናደርሰው በዚህ በር ነው።»

«መኪናዋን ግን… በአገሩ አንዲት ናት እኮ!»

«እሱም አንድ ነበር» አሉ ዶኛ ሆቪታ።

ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ከአፈር ላይ ሲያነሳ የአፓን ሰው ሁሉ ቆሞ አየው። ሳቅ የለ፣ ስድብ የለ። ቀዩዋ መኪና ወደ ኋላ ስትሄድ ሁለተኛ ማርሽ አላስፈለጋትም፤ ወደ ፊት ነድቶ ሁለተኛውን ሲያስገባ ግን እንደ በፊቱ ታነቀች። ዶን ማካሪዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኤልቪራ ምላሷ ላይ የደረሰውን «ብዬሽ ነበር» የሚል ቃል ዋጠችው፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የዋጠችው ብቸኛው ነገር እሱ ነው።

ከዚያ መስቀሉን አነሱ። ዶኛ ፒላር እያዜሙ፣ ዶን ማካሪዮ ተንበርክከው ራሱን በመዳፋቸው አፈሱ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቀለም የነካው እጃቸው ኖራ በኖራ ሆነ። አንደኛውን ክንድ ኤልቪራ፣ ሌላውን ዶኛ ፒላር፣ እግሩን ዶኛ ሆቪታ አነሱ። ሁሉም አንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገባ። ሣጥኑ ሊዘጋ ሲል ዶኛ ሆቪታ ያን ቢጫ ወረቀት ከጉያቸው አወጡና ኖራው ላይ አኖሩት።

«እማዬ፣ ሌላ ማስረጃ እኮ የለም» አለች ኤልቪራ።

«ለማን ነው የምናሳየው? ዝጊው።»

ዘመድ ጎረቤቱ በእግሩ ወደ መቃብር ሊሄድ ደጅ ላይ ተሰለፈ። ኤልቪራ ሣጥኑን በሴንቴያዋ ልትወስድ ጋራዥ ገባች፤ እናቷ እንደ ልማዳቸው ከሰው ጋር ይሄዳሉ ብላ ነበር። ዞር ስትል ግን ሣጥኑን ታቅፈው ከኋላዋ ቆመዋል። ስምንት ዓመት ያልቀረቧትን መኪና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። የክለቡ አቧራ ሸፍኗት ቀለሟ አይለይም ነበር።

ዶኛ ሆቪታ ሣጥኑን በአንድ ክንዳቸው ደገፉ። አውራ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወስደው በምራቃቸው አራሱና ፓራፋንጎውን ጠረግ፣ ጠረግ አደረጉት። ማጌዩ ብቅ አለ።

«የሱ እጅ ነው» አሉና ሣጥኑን እንዳቀፉ ገብተው ተቀመጡ።